ልቅ ግጦሽ ሲቆም ሣሩን የሚሸከመው ማን ነው?

ጥያቄ፦ «ተወልጄ ያደግሁት ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ደጋ ላይ ነው። አሁን ከተማ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ቤተሰቦቼ አምስት ጥማድ መሬት፣ ሁለት በሬ፣ ሦስት ላም፣ አንዲት ጊደር፣ አንድ ጥጃ፣ ዐሥራ ሁለት በግና አንድ አህያ አላቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ቀበሌው ኮረብታውን ከልሎ ልቅ ግጦሽን ከለከለ፤ አጭዶ መውሰድ ብቻ ተፈቀደ። ታናሽ ወንድሜ እረኝነቱን ትቶ ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ እናቴ በቀን ሁለት ጊዜ ቁልቁል ወርዳ ሣር እያጨደች በጀርባዋ ታመጣለች፤ እኅቴ ውኃ ትቀዳለች። እናቴ ወገቧን ታማለች። ከብቶቹ ግን አሁንም ከሲታ ናቸው፤ ከሦስቱ ላሞች ዘንድሮ የምትታለበው አንዷ ብቻ ናት። አባቴ ‹የዝናቡ ነገር ነው፣ ያልፋል› ይላል። ትንሽ ገንዘብ አጠራቅሜአለሁ። የተዳቀለች የወተት ላም ልግዛላቸው ወይስ የመኖ መክተፊያ ማሽን? ለእናቴ ሥራ የሚያቀልላት የትኛው ነው?»

ምላሽ፦ ሁለቱም አያቀልሉም። የተዳቀለችው ላም ሥራቸውን ታበዛለች፤ ማሽኑ ደግሞ ጥግ ላይ ቆሞ አቧራ ይጠጣል። ምክንያቱን በየተራ አስረዳለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል፦ በጥያቄዎ ውስጥ አባትዎ ምን እንደሚሉ ጽፈዋል፣ ቀበሌው ምን እንደወሰነ ጽፈዋል፣ እርስዎ ምን ሊገዙ እንዳሰቡ ጽፈዋል። እናትዎ ምን እንደሚፈልጉ ግን አንድ ቃል የለም። ይህን የምለው ልወቅስዎ ብዬ አይደለም፤ በዚህ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎችም ለዓመታት መንደር ገብተን ስለ መኖ የምንጠይቀው በሬ ጠማጁን ነበር። ሣሩን ያመጣችው ሴት በዚያን ጊዜ ጓዳ ሆና ቡና ታፈላልን ነበር።

በዝናቡ ልጀምር። የዝናብ እጥረት መኖ ያሳንሳል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የችግሩ ሥር እሱ ቢሆን ኖሮ በነሐሴ ወር፣ ምድሩ ሁሉ አረንጓዴ በሆነበት ጊዜ፣ ከብት ባልተራበ ነበር። የደጋ አርሶ አደር እንደሚያውቀው በዓመት ሁለት የረሃብ ወቅት አለ። አንደኛው ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ደረቅ ጊዜ ነው። ሁለተኛው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ያለፈው ዓመት ጭድ አልቋል፣ ማሳው ሁሉ በሰብል ተይዟል፣ ከብቱ የሚቆምበት ቦታ የለም። ሁለተኛው ረሃብ ዝናብ እየዘነበ የሚመጣ ነውና ለአባትዎ ማስረጃ አድርገው ሊያቀርቡት ይችላሉ። መሠረቱ የመሬት ነገር ነው። ገብሱ ወደ ዳገቱ ወጣ፣ ጨፌው ታረሰ፣ የወል ግጦሹ ለአዲስ ጎጆ ወጪዎች ተሸነሸነ፣ የቀረውን ባሕር ዛፍ ያዘው። የከብቱ ቁጥር ግን በዚያው ልክ አልቀነሰም። አገሪቱ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብት አላት፤ ከሚበሉት ከአሥር እጅ ስምንቱ በላይ የተፈጥሮ ግጦሽና የሰብል ተረፈ ምርት ነው። ተዘርቶ ወይም ተተክሎ የሚገኝ የተሻሻለ መኖ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ግጦሹ ሲጠብ የሚተካው ነገር አልነበረም። የተካው የሰው ጉልበት ነው፤ በእርስዎ ቤት ደግሞ የአንዲት ሴት ጉልበት።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ውሳኔው የሚወጣው ከዚህ ነውና። እኛ በመኖ ስሌት አንድ 250 ኪሎ የሚመዝን የአገር ውስጥ ከብት በቀን ወደ 6 ኪሎ ከሩብ ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል ብለን እንይዛለን። «ደረቅ» ማለት ውኃው ተነሥቶለት ማለት ነው። የቤተሰብዎ ሁለት በሬና ሦስት ላም ብቻ 31 ኪሎ ይፈልጋሉ። ጊደሯና ጥጃው 6፣ በጎቹ 7፣ አህያዋ 3 ሲጨመሩ በቀን ወደ 47 ኪሎ፣ በዓመት 17 ቶን ይደርሳል። በዚያ ከፍታ ላይ አምስት ጥማድ፣ ማለትም ሄክታር ከሩብ ያህል፣ ገብስና ባቄላ ቢዘራበት የሚገኘው ጭድ 3 ቶን ቢሆን ነው። ሌላ ምንም ሳይጨመር ሁለት ወር ያህል የሚያበላ ማለት ነው። የቀረው ከአጨዳ በኋላ ከማሳው ላይ ከሚለቃቀመው፣ ከድንበርና ከእርከን ሣር፣ ከከለላውም መምጣት አለበት። ካልመጣ ከብቱ ከራሱ ሥጋ ይበላል፤ ክሳት የሚባለው እሱ ነው።

የእናትዎን ሸክም ደግሞ እንመዝነው። አንድ የእርጥብ ሣር ሸክም 30 ኪሎ ነው እንበል። ከእርጥብ ሣር ውስጥ ደረቁ ክፍል ከ20 እስከ 25 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ እናትዎ ዳገቱን ይዘው ከሚወጡት 30 ኪሎ ውስጥ 23 ያህሉ ውኃ ነው፤ መኖው 7 ኪሎ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ሲመላለሱ 14 ኪሎ። ሁለት ላሞች በቀን የሚፈልጉት 12 ኪሎ ተኩል መሆኑን ከላይ ካሰላነው ጋር ያስተያዩት። እርስዎ ራስዎ እንደነገሩን ደግሞ ከሦስቱ ላሞች ሁለቱ አይታለቡም። ነገሩን በጭካኔ ልናገረውና፣ እናትዎ ወገባቸው እስኪጎብጥ የሚሸከሙት ሣር በቁጥሩ ብቻ ካየነው ወተት የማይሰጡ ሁለት ላሞችን ቆመው እንዲውሉ የሚያደርግ ነው።

ቀበሌው ኮረብታውን መከለሉ ስሕተት ነበር ወይ? አልነበረም። ተዳፋት መሬት ከኮቴ ሲያርፍ ሣሩ በሁለትና ሦስት ክረምት ያንሰራራል፣ አፈሩ ይያዛል፣ ታች ያለው ምንጭም ይሻለዋል። ለመንዝ ሰው ደግሞ ከለላ እንግዳ ነገር አይደለም። እዚያው መንዝ ያለው የጓሳ ሣር ምድር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቀሮ» በሚባለው የአካባቢው ሥርዓት ለዘመናት ሲጠበቅ ኖሯል፤ ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ተዘግቶ ይከርም ነበር፣ በተወሰነ ቀን ይከፈት ነበር፣ ሁሉም በአንድነት ገብቶ ያጭድ ነበር። የአሁኑ ክልከላ የጎደለው ያ «በአንድነት» የሚለው ነው። ግጦሽ ሲከለከል ከብቱን ወደ ሣሩ የመውሰድ ሥራ ሣሩን ወደ ከብቱ ወደማምጣት ይለወጣል። የመጀመሪያው የልጅ ሥራ ነበር፤ ዱላና ዋሽንት ይዞ የሚዋልበት። ሁለተኛው የሴት ሥራ ሆነ፤ ማንም ተሰብስቦ አልወሰነም፣ ብቻ ሆነ። ታናሽ ወንድምዎ ትምህርት ቤት መግባቱ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ሥራው ግን አብሮት ትምህርት ቤት አልገባም፣ እቤት ቀረ። በዚያ ላይ በረት ውስጥ የሚውል ከብት እበቱ በረት ውስጥ ይቀራል፣ ይጠረጋል። ውኃውም ይመጣለታል። ደረቅ መኖ የሚበላ አንድ ከብት በቀን ከ25 እስከ 40 ሊትር ይጠጣል፤ ይህ በአንድ ራስ ከአንድ እስከ ሁለት ጀሪካን ነው። በ2005 ዓ.ም. የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ያካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ክፍያ የሌለው የቤት ሥራ አብዛኛው በሴቶች ላይ እንደሚወድቅ አሳይቷል። መኖና ውኃ ሲጨመሩበት ምን እንደሚሆን ለመገመት የእናትዎን አንድ ቀን መከተል ይበቃል።

ማሽኑን በአጭሩ ልዝጋው። መክተፊያ የሚጠቅመው ወፍራም አገዳ ላለው መኖ ነው፤ ለበቆሎ፣ ለማሽላ፣ ለዝሆኔ ሣር። እነዚህ ቆላና ወይናደጋ የሚበቅሉ ናቸው። የመንዝ የገብስ ጭድ ውድማ ላይ በከብት ኮቴ ተበራይቶ አስቀድሞ ደቅቋል፤ ደግሞ መክተፍ የተፈጨን መፍጨት ነው። ነዳጅና ጥገና ሲጨመርበት ወጪው ብቻ ይቀራል። በዚሁ ገንዘብ ከእንጨት የመመገቢያ ገንዳ ቢያሠሩ ይሻላል። መሬት ላይ የተበተነ ጭድ እየተረገጠና እበት እየነካው ከብቱ ይተወዋል፤ ገንዳ ላይ ግን አፉን ያስገባበትን ይጨርሳል። ለአካባቢው አናጢ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የተዳቀለችው ላም ግን ሰፋ ያለ መልስ ያስፈልጋታል፤ ከ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወዲህ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷልና። የተዳቀለች ላም ጥሩ ነገር ናት፤ ነገር ግን ጥሩ መኖን ወደ ወተት የምትለውጥ እንጂ መጥፎ መኖን ወደ ጥሩ የምትለውጥ አይደለችም። 400 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን ከ10 እስከ 12 ኪሎ ደረቅ መኖ፣ በዚያ ላይ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ፣ በዚያ ላይ 60 ሊትርና ከዚያ በላይ ውኃ ትፈልጋለች። ገብስ ጭድ ላይ ካቆሟት የምትሰጠው ከአገሬዋ ላም ብዙም አይበልጥም፤ አንዳንዴም ጨርሶ አትፀንስም። የሚያዳቅላት ባለሙያ በሰዓቱ ካልደረሰ አንድ ዙር ያልፋል። ጡቷ ቢታመም ሐኪሙ የወረዳው ከተማ ነው። ወተቱ ቢገኝ ደግሞ ጾም ሲገባ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ያን ጊዜ መናጥ፣ ማንጠር፣ ገበያ ማውጣት አለ። ይህ ሁሉ የማን ሥራ እንደሚሆን እርስዎም እኔም እናውቃለን። መኖው መጀመሪያ በደጃፍ ይብቀል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይጎድል ከታየ በኋላ ስለ ላሟ ደግመው ይጠይቁኝ።

ታዲያ ምን ይደረግ? የኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው። ከሦስቱ ላሞች የማይታለቡት ሁለቱ ይሸጡ፤ ከበጎቹም አምስቱ። በዚህ ብቻ የቀኑ ፍላጎት ከ47 ወደ 32 ኪሎ ገደማ ይወርዳል። የቀነሰው 15 ኪሎ እናትዎ በቀን ከሚያመጡት ሁለት ሸክም ጋር እኩል ነው። ምንም ሳይተከል፣ ምንም ሳይገዛ። በሬዎቹን አልነካም፤ መቀናጆ፣ ማለትም ከጎረቤት ጋር በሬ አጣምሮ ማረስ፣ ቢኖርም ሁለት በሬ ያለው ሰው አንዱን ሸጦ የጎረቤት ደጅ እንዲጠና አልመክርም። የሚሸጡበት ጊዜ ግን ወሳኝ ነው። ከብት ሥጋ የሚይዘው ከክረምቱ ሣር በኋላ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ገና ገበያ ባለው ጊዜ ይሽጡ። ብዙ ቤተሰብ «እስኪ ትንሽ ትቆይ» እያለ ግንቦት ላይ፣ አጥንቷ ወጥቶ፣ ጭዱም አልቆ፣ በግማሽ ዋጋ ይሸጣታል። ስድስት ወር ሙሉ የበላችው ሣር፣ የተሸከሙላትም ጀርባ፣ በነጻ ሄደ ማለት ነው።

አባትዎ እምቢ ይላሉ። ምክንያታቸውን ደግሞ ሞኝነት አድርገው አይቁጠሩት። ላም ለእሳቸው ወተት ብቻ አይደለችም፤ የነገው በሬ ከእሷ ይወለዳል፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ተሽጣ እህል ትሆናለች፣ በሰው መካከልም ሞገስ ናት። መልሱ ይህ ነው፦ በረሃብ የሚኖሩ ሦስት ላሞች በሁለት ዓመት አንዴ እንኳ መውለድ ካቃታቸው፣ በቂ የምትበላ አንዲት ላምና አንዲት ጊደር የነገውን በሬ ቶሎ ያመጣሉ። የክፉ ቀኑን ነገር ካነሡ ደግሞ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ገበያ ስለሚወጣ ዋጋው አብሮ ይወድቃል፤ ይህን እሳቸው ከኔ ይበልጥ ያውቁታል። የሽያጩ ገንዘብ በቁጠባ ደብተር ቢቀመጥ፣ ደብተሩም የመሬት ይዞታ ማረጋገጫው በባልና በሚስት ስም እንደሚሰጠው ሁሉ በሁለቱም ስም ቢሆን እመርጣለሁ።

ሁለት ጥንቃቄ እዚህ ላይ። አንደኛ፣ በብዙ ቤት የቅቤ ገንዘብ የእናት ነው፤ ጨው፣ በርበሬ፣ የልጅ ደብተር ከእሱ ይገዛል። ላም ስትሸጥ ያ ገንዘብ እንዳይነካ የምትታለበዋ ትቅር፤ የትኞቹ ይሸጡ የሚለውንም እናትዎ ይወስኑ። በረት የሚገቡት እሳቸው ናቸውና የትኛዋ እንደምትፀንስ፣ የትኛዋ ጡቷ እንደተበላሸ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛ፣ መንዝ ላይ ከብት ማገዶም ነው። ሁለት ላም ሲቀነስ ኩበቱ ይቀንሳል፤ ይህን ሳይዙ ከብት ቀንሱ የሚል ባለሙያ ደጋን አያውቅም። ስለዚህ ከሽያጩ ገንዘብ ላይ ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ይገዛ፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ባዮጋዝ የሚሉዎት ካሉ ግን ውኃው ደጃፍ ላይ እስኪደርስ ድረስ ይቆይ። ጉድጓዱ በየቀኑ ከእበቱ ጋር እኩል ውኃ ይጠጣል፤ እኅትዎ ሌላ ጀሪካን ልትጨምር ነው።

ቀጥሎ ያለው ነገር ያለ ገንዘብ የሚሠራና ከሁሉ የምወደው ነው። ሣሩ እዚያው ኮረብታው ላይ ይድረቅ። እርጥብ ሣር ሲሸከሙ ውኃ ይሸከማሉ ብያለሁ። ያው ሣር ታጭዶ፣ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ አግኝቶ፣ ድርቆሽ ሆኖ ሲታሰር ከ30 ኪሎው ውስጥ 25 ኪሎው መኖ ነው። አንድ የድርቆሽ ሸክም ሦስት ተኩል የእርጥብ ሸክም ያህላል። ጊዜው ሣሩ ማበብ ሲጀምር፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው። በተግባር ግን ብዙ ሰው የሚያጭደው ኅዳር ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ሣሩ እንጨት ሆኗል፣ ዘሩን አራግፏል፣ የቀረው ሆድ መሙያ ነው። የሚዘገይበት ምክንያት ስንፍና አይደለም፤ የመስከረም ዝናብ ያስፈራል፣ ጥቅምት ደግሞ የሰብሉ ሥራ ይቀርባል። ለዝናቡ በእንጨት ርብራብ ላይ ከመሬት ከፍ አድርጎ መስቀል ይረዳል። ለጉልበቱ ደግሞ ደቦ አለ። ለእርሻ፣ ለአጨዳ፣ ለውቂያ ደቦ የሚጠራ አገር ለሣር የማይጠራበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ ሣር የሴት ሥራ ስለተባለ። የከለላውን ሣር በአንድ ሳምንት ወንዱም ሴቱም ወጥቶ አጭዶ፣ አድርቆ፣ በየቤቱ ድርሻ ቢከፋፈል የዓመቱ መመላለስ ይቀራል። ይህን ለቀበሌው የተፋሰስ ኮሚቴ አባትዎ ያቅርቡት፤ ሽማግሌ ሲናገር ይሰማል። ጉልበት የሌላቸውና ከብት የሌላቸው እማወራዎች ድርሻቸውን መሸጥ እንዲፈቀድላቸውም አብሮ ይነሣ።

አህያዋንም ረስተዋታል። አንድ ጤነኛ አህያ 50 ኪሎ ይዞ ዳገት ይወጣል። 50 ኪሎ ድርቆሽ ማለት ዛሬ ያለውን መንጋ በሙሉ ለአንድ ቀን ሊመግብ ጥቂት የሚቀረው ነው። አህያ እያለች ሣር በሰው ጀርባ የሚመጣው ለምንድን ነው? በብዙ ቤት እንደማየው አህያዋ የገበያ ቀን እህል ትጭናለች፣ በሌላው ቀን ትግጣለች፤ መጫኗ ደግሞ የአባወራው ጉዳይ ነው። የእናትዎ ሣርና የእኅትዎ ውኃ ጭነት ተደርጎ አልተቆጠረም። ሁለት ጀሪካን በግራና በቀኝ የሚይዝ ኮርቻ ያሠሩ፤ ጀርባዋ እንዳይላጥ ከሥሩ ድርብ ጆንያ ይደረግ። ከብቶቹም ለውኃ በቀን አንዴ ራሳቸው ወደ ምንጩ ይነዱ። ልቅ ግጦሽ ተከለከለ እንጂ መራመድ አልተከለከለም፤ ይህን ወንድምዎ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሊያደርገው ይችላል።

አሁን ወደ መኖው ጥራት። ከብቱ ሆዱ ሞልቶ የሚከሳበት ምክንያት አለ። በከብት ሆድ ውስጥ ጭዱን የሚፈጩት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው፤ እነሱ እንዲሠሩ መኖው ውስጥ ቢያንስ 7 በመቶ ፕሮቲን ያስፈልጋል። የእህል ጭድ ግን ከ3 እስከ 5 በመቶ ብቻ አለው። ስለዚህ ጭዱ ሆድ ውስጥ ይቆያል፣ ከብቱም ሌላ አይበላም። እዚህ ላይ ጥቂት ቅጠለ ብዙ ጥራጥሬ ነክ መኖ ቢጨመር የሚጠቅመው በራሱ ብቻ አይደለም፤ ያንኑ ጭድ ያሠራዋል። እናትዎ በየቀኑ 30 ኪሎ ከገደል ከሚያወጡ፣ ከደጃፍ ሁለት ሦስት ኪሎ ቅጠል ቆርጠው ጭዱ ላይ ቢያክሉ ለላሟ የሚበልጠው ይህ ነው። ለመንዝ ከፍታና ውርጭ የምመርጠው ትሪ ሉሰርን የተባለውን የመኖ ቁጥቋጦ ነው፤ እስከ 3000 ሜትር ድረስ ይበቅላል፣ ቅጠሉም ሃያ በመቶ ገደማ ፕሮቲን አለው። ውኃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር ላይ ግን አይተክሉት፤ ሥሩ በስብሶ ይሞታል። ሰስባኒያና ዝሆኔ ሣር የሚሰጥዎ ችግኝ ጣቢያ ካለ አመስግነው ይመልሱ፤ ለወይናደጋ ጥሩ ናቸው፣ የኅዳርን ውርጭ ግን አይችሉም። ለእርከኑ ዳር ዴሾ ወይም ፋላሪስ ሣር ይተከል፤ አፈሩንም ይይዛል፣ ከማሳው ዳር የሚታጨድም ይሆናል። ከአምስቱ ጥማድ አንዷን፣ ወይም ካሳደሩት ማሳ ጥቂቱን፣ በሰኔ የመኖ አጃና ቪች የተባለውን ጥራጥሬ ነክ መኖ ቀላቅለው ይዝሩበት። አባትዎ «የሰው እህል የሚሆን መሬት ለከብት?» ማለታቸው አይቀርም። በሬው ለእርሻ በሚጠመድበት ወቅት ጉልበት እንዲኖረው ነው ብለው ይመልሱ፤ ይህ ክርክር ከወተት ክርክር ይልቅ ይገባቸዋል።

ስለ ዩሪያ መጠየቅዎ አይቀርም፤ ጭድን በዩሪያ ማከም በየሥልጠናው ይነገራል። ይሠራል፤ ለ100 ኪሎ ጭድ 4 ወይም 5 ኪሎ ዩሪያ በውኃ ተበጥብጦ፣ አየር እንዳይገባው ታፍኖ፣ ሦስት ሳምንት ይቆያል፣ በብርድ አገር ከዚያም በላይ። ለእናትዎ ቤት ግን አሁን አልመክረውም። ለአንድ ኩንታል ጭድ ከ50 እስከ 100 ሊትር ውኃ ይፈልጋል፤ ተሸካሚዋ ማን እንደሆነች ያውቃሉ። ዩሪያው ሳይበጠበጥ ወይም በዝቶ ከተሰጠ ከብት ይገድላል፤ ለጥጃ፣ ለአህያና ለፈረስ ጨርሶ አይሰጥም። ቤት ውስጥ የሚገኘው አተላና የምግብ ጨው በቂ ጅምር ናቸው። አልፋልፋ የተባለውን መኖ የዘራ ጎረቤት ካለ ደግሞ ገና ጤዛ ያለበትን ለጋ ቅጠል ለተራበ ከብት እንዳይሰጡ፤ ሆዱ ተነፍቶ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል።

የወገባቸው ነገር የኔ ሙያ አይደለም፤ አንድ ነገር ግን ማለፍ አልችልም። ለዓመታት ከባድ ሸክም የተሸከሙ፣ በተለይ ከወሊድ በኋላ ሳያርፉ የተሸከሙ ሴቶች ላይ የማሕፀን መውጣት ይታያል፤ ለልጃቸው፣ ለዚያውም ለወንድ ልጃቸው፣ «ወገቤን» ብለው ነው የሚናገሩት። እኅትዎ ትጠይቃቸው፣ ጤና ጣቢያም ይዛቸው ትሂድ። ሐኪም ሳያያቸው ቅባት አይላኩ።

ይህ ሁሉ ቢደረግ መኖው ይሞላል ወይ? አይሞላም። 32 ኪሎ በቀን ማለት አሁንም በዓመት 11 ቶን ከግማሽ በላይ ነው፤ አምስት ጥማድ መሬትና የከለላ ድርሻ ያንን በሙሉ አያወጡም። ለግንቦትና ለነሐሴ ትንሽ ድርቆሽ መግዛት ይኖርብዎታል፤ ያጠራቀሙት ገንዘብ ከምንም በላይ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ ዘንድሮ ኮርቻው፣ ገንዳውና ምድጃው። ጥቅምት ላይ ርካሽ ሳለ የተገዛ ድርቆሽ፣ ዝናብ ከማይነካው ክዳን ሥር። ቤቱ ቆርቆሮ ከሆነ በሚመጣው ዓመት አሸንዳና የውኃ ማጠራቀሚያ፤ 40 ካሬ ሜትር ጣራ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብበት 40 ሊትር፣ ማለት ሁለት ጀሪካን ያወርዳል። ማጠራቀሚያው ጉድጓድ ከሆነ ሕፃናት እንዳይገቡበት ይታጠር።

ለመስቀል አገር ቤት ሲገቡ የእጅ ሚዛን ይያዙ። ከእናትዎ ጋር አንድ ቀን ሣር ይውረዱ፣ ሸክሙን አባትዎ ፊት ይመዝኑት፣ ከዚያ ስለ ላሞቹ ይነጋገሩ። የትሪ ሉሰርን ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፤ የፈላ ውኃ አፍስሰውበት ሌሊቱን ካሳደሩት በኋላ ይዘራ። ችግኙ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ከበረቱ አጠገብ ይተከል። ዓመት እስኪሞላው አይቆረጥ፤ አጥሩ ደግሞ ከችግኙ በፊት ይቁም፣ በጎቹ አንድ ጠዋት ካገኙት ሥሩ ብቻ ነው የሚቀርልዎ።